ድምፁ የተዘጋ ፊልም

እንደምን ዋልሽ እህቴ? ደህና ነሽ? ልጆች ደህና? እሰይ... እሰይ። እዚህ ልቀመጥ? ይቺኛዋ ወንበር ትሻለኛለች፤ መስታወቱ ሰፊ ነው፣ ቤቱን ሙሉ ያሳያል። ነገ ቅዳሜ አይደል፣ የልጆቹ ፊልም አለ። ጸጉሬን እንዲሁ ጠቅልዬ ብሄድ ልጄ ታፍርብኛለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት እኮ፤ በእናት ማፈር የሚጀመርበት ዕድሜ ነው።

ውይ፣ ውሃው! ቀዝቃዛ ነው ዛሬ? ግድ የለም፣ ራስ ያነቃል። በፎጣ ልታደርቂኝ ነው? አድርጊው፣ ፎጣ ይሻላል፤ ፎን ጸጉር ይሰባብራል ይላሉ።

እኚያ ቢጎዲን ጠቅልለው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት እመቤት ደንበኛሽ ናቸው? እንዴት ዋሉ እመቤቴ! ... አልሰሙኝም። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሰማል? ማድረቂያው ጆሮው ላይ ሲጮህበት ይውላል። ተያቸው፣ ይረፉ።

እና ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ ነገ ፊልም አለ። የትኛው ፊልም ነው አትይኝም? የጭፈራው ነበር፤ ቀረ። የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው አባት ከሴት ልጁ ጋር የሚጨፍርበት፣ ልጆቹ ስንት ጊዜ ሲጠብቁት የከረሙት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ላይ ተነስተው ሊጨፍሩ ተስማምተው ነበር፣ ምስኪኖች። ለልጆች አይሆንም ተባለ። ማን አለ? እንግዲህ እኔ ስም መጥራት አልወድም። አንዲት ሴት አለች በይ። ደግ ሴት! ጠንቃቃ! እሷን እግዜር ራሱ ሲፈጥራት በጣቱ ጫፍ ይዞ ነው የፈጠራት።

እንደምታውቂው የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊልም ያያሉ፤ እኛ ቀድመን አይተን ይሆናል፣ አይሆንም እንላለን። ሦስት ነን። እኔ አለሁ፣ ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር አሉ፣ ከዚያ... ሴትዮዋ። ሪሞቱን የምትይዘው እሷ ናት። ሌላ ሰው ይያዘው ብትይ ማን ይችላል? እንደዚያ አጥብቆ የሚይዝ እጅ ከየት ይመጣል? ባለፈው የዋና ውድድር ፊልም መጥቶ ነበር፤ እሱንም መለሰችው። ኮት ለብሶ የሚዋኝ ሰው ፈልጋ አጣች። እና ምን ታድርግ?

የምናየው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፤ የሕፃናት ወንበር ላይ ተኮልኩለን፣ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ። ፊልሙ ተጀመረ። ገና ከበሮው ዱብ ከማለቱ ድምፁን ዘጋችው። ተበላሸ እንዴ? ብል፣ "ሙዚቃ ያባብላል" አለችኝ። "ሰው ሙዚቃ ከሰማ ልቡ ይቀልጣል፣ ፍርዱ ይዛባል። እኔ ሁሌም ዘግቼ ነው የማየው።" አየሽልኝ ጥበብ? ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ጆሮ ታዲያ ምን ቤት ነው... ውጭ ቆሞ ይጠብቅ! የሰማ ላልሰማ ያሰማ የሚሉት ድሮ ነው፤ ዛሬ ያልሰማ ነው ለሰማ የሚያስረዳው።

ምን ትጎነትይኛለሽ? ጸጉሬን ነው ያልኩሽ እኮ፣ ትከሻዬን አይደለም።

እና የጭፈራ ፊልም ያለ ድምፅ አየን። አይተሽ ታውቂያለሽ? እስቲ አንድ ቀን ሞክሪው። ሰዎች ይመጣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ላብ በላብ ይሆኑና ይሄዳሉ። ምን ነክቷቸው እንደመጡ አታውቂ፣ ምን አግኝተው እንደሄዱ አታውቂ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመምህሩ ብስኩት ብቻ ነው፤ ቀርጠፍ... ቀርጠፍ። እኔማ ኋላ ላይ ሰዎቹ በብስኩቱ የሚጨፍሩ መሰለኝ። ብስኩቱ ሲያልቅ መምህሩም ተኙ። ምን ያድርጉ? ጭጭ ባለ ቤት ጡረተኛ ካልተኛ ማን ይተኛል?

እሷ ግን አትተኛም። ወገብ በታየ ቁጥር ታቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ደግማ ታያለች። ለልጆቹ ብላ እኮ ነው! ለራሱ ብሎ እንዲህ የሚደክም ሰው አለ? አንዷን ወገብማ... ፊልሙ ላይ ያለው የጎማ ቀያሪው ወጣት ወገብ መሰለችኝ... አየቻት፣ መለሰቻት፣ መነጽሯን ጠራርጋ እንደገና አየቻት። "ይሄ ለልጅ አይሆንም" አለች። እውነቷን ነው፣ ለልጅ አይሆንም። ሆድ ያባውን ወገብ ያወጣዋል አይደል የሚባለው? አይደለም እንዴ? እንግዲህ እኔ ተረት አይሆንልኝም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን አንዲት ቦታ አለች። የልጅቷ እናት ትሞታለች። አባትየው ከቀብር ተመልሶ ጋራዡ ውስጥ ለብቻው ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ልጁ በር ላይ ሆና ታየዋለች። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ትቆምና ትከሻዋን ከትከሻው እኩል ታንቀጠቅጣለች። እንዲያ እንዲያ እያለ ለቅሶው ጭፈራ ይሆናል። እኔ ቀደም ብዬ ከልጄ ጋር በስልኳ አይቼው አልቅሼ ልሞት ነበር። ሴትዮዋ ምን አለች መሰለሽ? "ሚስቱን ቀብሮ የሚስቅ አባት! ጭራሽ ልጁንም ያስቃታል! ልጆቻችን ከዚህ ምን ይማራሉ?"

ኧረ እያለቀሰ ነው ብላት፣ "እንባ አላየሁም" አለችኝ። ፊቱን ለግድግዳ የሰጠ ሰው እንባው ከየት ይታያል? ድምፁን ክፈቺውና ስሚው ብላት ደግሞ፣ "ይኸው! አሁንም ልትባበይ ነው" አለች። በሙያዋ ማን ይገባል? አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች... እንዳትይኝ ደግሞ! እሷ ምንም አላጠበችም። ደረቅ ሴት ናት።

ከዚያ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። እኔ ይታይ አልኩ፤ እሷ አይታይም አለች። መምህሩ ተኝተዋል፤ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ጠብ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ ጠብ ይላል። "ይኸው ነቀነቁ፤ ተስማምተዋል" አለችና ተነሳች። መምህሩ በወንበሮቹ መንጓጓት ባነኑና "ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?" ብለው ጠየቁ። የተኛ ሰው ሳይቀር የሚደግፋት ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ነቅቶ የሚደግፋት ምን ያደርግላታል!

ታዲያ ነገ ምን ይታያል አትይኝም? የጦርነቱ ፊልም ነዋ። ባለፈውም አይተውታል፤ ይደገማል። እሱ ነውር የለበትም፤ ሰዉ ሁሉ ከደረቱ በላይ ነው የሚሞተው። አንድም ወገብ የለበትም። አንድ ሕፃን ጉድጓድ ውስጥ... ይቅር፣ ጸጉር እየሠሩ አይወራም። ብቻ ጨዋ ፊልም ነው። የማዶ ጎረቤቴ ትንሹ ልጅ ካየው ወዲህ አልጋው ላይ ይሸናል፤ ግን በጨዋነት ነው የሚሸናው።

ቆይ፣ ቆይ፣ አታቋርጪኝ... ልጨርስልሽ። እቺ ሴትዮ ልጅ አለቻት። የልጄ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ቤታችንም ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ኧረ እንዴት ያለች ልጅ! ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ኮቴዋ ሳይሰማ ነው የምትገባው። "የቤት ሥራ ልንሠራ ነው እትዬ" ትለኝና ከልጄ ጋር ክፍል ይገባሉ። ድምፃቸው እንኳ አይሰማም። እናትየው እግዜር ይስጣት፤ ልጇን ዝምታ ያስተማረች እናት ናት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

አንድ ቀን ሻይ ላድርስላቸው ብዬ በሩን ገፋ ባደርገው... ልጅቷ መሃል ወለሉ ላይ ትጨፍራለች። ምኑን? ያንኑ! የጋራዡን ጭፈራ። ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አፏን ከፍታ ታያታለች። እህቴ፣ እኔ ስንት ጭፈራ አይቻለሁ... ያቺ ልጅ አጥንት የላትም! ግን ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሙዚቃ የለ፣ ምን የለ፤ ካልሲዋ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ብቻ ይሰማል። የኔ ልጅ፣ ለምን አትከፍቱትም? አልኳት። ክው አለች። "ለምጄዋለሁ እትዬ፤ ከተከፈተ እማዬ ትሰማለች" አለችኝ። ቤቷም እንደዚሁ ነው ለካ የምትጨፍረው፤ በሩን ዘግታ፣ በካልሲ፣ ያለ ድምፅ። እናትየው ልጄ እያጠናች ነው ብላ ሳሎን ትቀመጣለች። እንዲህ የምታጠና ልጅ ማን አለው?

የት ተማርሽው ብላት ደግሞ... ስሚኝማ! እናቷ ፊልሙን ቤት ወስዳ እንደገና ስትመረምረው ነው። ልጅቷ ከኋላዋ፣ በበሩ ስንጥቅ። ድምፁ እንደተዘጋ። ወገቡን እየመለሰች ስትደጋግመው እሷም እየደጋገመች አጠናችው። ለልጆች አይሆንም የተባለውን ፊልም ከልጆች ሁሉ አብልጣ ያየችው ልጅ የማን እንደሆነች አየሽ? እኔ ግን ማንንም አልወቅስም። መቼም ለልጅ ከእናት የተሻለ አስተማሪ የለም።

እና በሞኝነቴ፣ እናትሽ ስብሰባ ላይ ናት፣ አትፍሪ ብዬ ዘፈኑን በልጄ ስልክ ከፈትኩላት። ደስ እንዲላት ብዬ እኮ ነው። ከበሮው ገባ... ዘፋኟ ቀጠለች... ልጅቷ ቀጥ አለች። እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ስንት ጊዜ ስትጨፍረው የከረመችው ጭፈራ ምን እንደሚል ገና ያን ዕለት መስማቷ ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እኔ እንግዲህ የእናቷን ያህል አልተማርኩም። ግን ድምፁ ተከፍቶ ነበርና... እየሳቀች እንዳልሆነ ገባኝ።

አንጀቴን በላችው እህቴ። አቅፌያት ቆየሁ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬ ልጅ አልነበረውም። "ለእማዬ እንዳይነግሯት እትዬ፣ በሞቴ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኝ የለ፣ ቃሌን አክባሪ ነኝ። ለእናቷ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አሁንም የምነግረው ለአንቺ ነው።

ምን? ምን ትጠቅሽኛለሽ? መብራት... መብራት የለም? ከመቼ ወዲህ? ከጠዋት ጀምሮ? ውይ በሞትኩት! ታዲያ እኚህ እመቤት ካስክ ውስጥ ምን ያደርጋሉ? እስኪመጣ እየጠበቁ ነው? እውነትም፣ ቢጎዲን ጠቅልሎ መንገድ አይወጣ ነገር... አዬ። እኔ እኮ ካስኩ የሚነፋ መስሎኝ ነው። አየሽ ጉዴን? ድምፁን ሳልሰማ፣ እንዲያው በዓይኔ አይቼ ብቻ ፈረድኩ። ይሄ በሽታ ይጋባል ለካ!

ቢሆንም እሳቸውን ምን ይመለከታቸዋል? ስም አልጠራሁ፣ ሰው አልነካሁ። ዓለም ላይ ስንት ሴት አለ፣ ስንት ሪሞት አለ። እመቤቲቱ ምነው መነጽራቸውን ደጋግመው ይጠራርጋሉ፣ ላብ ላብ አላቸው... መብራት በሌለበት ይሞቃል እንዴ? ውሃ ስጫቸው እስቲ።

ፎጣውን አንሺልኝ፣ ደርቋል። እጅሽ ይባረክ። ልሂድ፣ ልጆቹ አሁን ይመጣሉ፤ ዛሬም "የቤት ሥራ" አለባቸው። ግን አንስተን አንስተን ሳንመርቃት ብንለያይ ነውር ነው። ሁላችሁም አሜን በሉ። እርስዎም እመቤቴ፣ ከካስኩ ሳይወጡም ቢሆን አሜን ይበሉ፤ ምርቃት ነው፣ ምርቃት ማንንም አይጎዳም...

እግዜር ለዚያች ሴት ዕድሜና ጤና ይስጣት። ልጇን ያሳድግላት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። የልጇን ኀዘን አያሳያት... ዕድሜዋን ሙሉ፣ የልጇ ትከሻ በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ እየሳቀች ትምሰላት።