ሽቦው በማን ግቢ ይለፍ?

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት መሐል ባጃጅ ስገባ ግማሹን መቀመጫ የያዘ የብረት ቧንቧ አገኘሁ። የቧንቧው ባለቤት ጋሼ ሙሄ ነበሩ፤ በቀወት ወረዳ የታወቁ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ፣ የቀድሞ ተማሪዬ የሳሊም አባት። ቧንቧው በአንዱ በኩል አልፎ ወጥቶ መንገደኛ ሊወጋ ምንም አልቀረውም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ ሙሄ። ውኃ ሊያስገቡ ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ መምህር። የምን ውኃ! ለሳሊም ኢንተርኔት ነው። ይቺ ገመድ አልባ ዕቃ አስቸገረችን። መጀመሪያ መስኮት ላይ አደረግናት። ሙቀቱ ነው ሲሉን እንዲቀዘቅዛት ብለን የውኃው እንስራ ላይ አስቀመጥናት። አሁን ደግሞ ከፍታ ትፈልጋለች አሉ፤ በዚህ ቧንቧ ጣሪያ ላይ ላወጣት ነው።»

እኔ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፤ በሥራዬ ብዙ ዓይነት ጥገና አይቻለሁ። ሞደም በእንስራ ማቀዝቀዝ ግን ሰምቼም አላውቅ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ሙሄ ግን አልሳቁም።

«አትሳቅ። ልጁ ባለፈው ዓመት ተመርቆ ሥራ እየጠበቀ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ጋር፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ መቀሌ፣ በየቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር አምስት ለአምስት ይጫወታሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ለውድድር ይለማመዳሉ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ መሐል ላይ ተቋረጠበት። አለቃቸው ናሆም የሚባለው ልጅ፣ ‹ከሁለት ሳምንት በኋላ ውድድሩን ስንጀምር ካቋረጥክ ሌላ ሰው እንተካለን› ብሎ ጻፈለት። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ወላሂ፣ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ሲተኛ አንጀቴን በላው። ከነዚያ ልጆች ሌላ የሚያወራው ሰው የለውም።»

አብሬያቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሳሊም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጠበቀን፤ ዕቃዋ እውነትም እንስራው አፍ ላይ ነበረች።

«ጋሼ ሙሄ፣ ቧንቧውን ለሌላ ሥራ ያድርጉት» አልኳቸው። «ለዚህ ጨዋታ የሚሻለው በሽቦ የሚገባው ነው። በስልክ መስመር።»

«እንዴት ነው ነገሩ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ስልኩ ሽቦውን ጥሎ ኪስ ገባ። ዓለም ገመድ አልባ ሆነ ሲባል በሬዲዮ እሰማለሁ። አንተ የተማርክ ሰው ሆነህ ወደ ኋላ ትጎትተኛለህ?»

አዲስ ነገር የሚጠሉ ሽማግሌዎችን ማሳመን ለምጃለሁ። አሮጌ ነገር የሚንቁ ሽማግሌ ሲገጥሙኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሳሊምም አባቱን ደገፈ። «መምህር፣ ፍጥነቱ እኮ መጥፎ አይደለም። ቪዲዮ ሳይቆራረጥ አያለሁ።»

«ቪዲዮ የሚመጣውን ክፍል አስቀድሞ ያከማችልሃል፤ ትንሽ ቢዘገይ አታውቅም። በጨዋታ ላይ ግን ተጋጣሚህ ቀጥሎ የሚያደርገውን ማን ያከማችልሃል? ለአንተ የሚያስፈልግህ ብዙ መረጃ መጫን ሳይሆን ሳይዘገይ መድረስና መመለስ ነው። እናንተ ፒንግ የምትሉትን አሳየኝ እስቲ።»

አሳየኝ። አንድ መቶ ስልሳ ይላል፤ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ መሆኑ ነው። ደህና ነበር።

«ጋሼ ሙሄ፣ ለሽንኩርትዎ በመስኖ ያጠጡ የለ? ገመድ አልባው የጋራ ቦይ ማለት ነው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲከፍት ለእርስዎ የሚደርሰው ጭላጭ ነው። በስልክ ሽቦው ግን ከቤትዎ እስከ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ድረስ የሚያልፈው የእርስዎ ብቻ ነው።»

«እዚህ ሰፈር ደግሞ ማን አለና ይሻማኛል?»

ልመልስላቸው ስል ሳሊም «ጀመረ» አለ። ቁጥሩ ሦስት መቶ፣ ቀጥሎ ሰባት መቶ ሆነ። ሰዓቱ ስድስት አልፏል።

«ሙቀቱ!» አሉ ጋሼ ሙሄ። «አላልኩህም?»

«ስንት ሰዓት ላይ ይሻለዋል?» አልኩት ሳሊምን።

«ሰባት ተኩል አካባቢ።»

«ሰባት ተኩል ላይ እኮ ሙቀቱ ይብሳል» አልኩ። «ግድ የለም፤ መስመሩን ያስገቡ።»

«አላስገባም!»

ሳሊም ጎንበስ ብሎ ተናገረ። «አባ፣ እውነቱን ንገረው። የስልክ ምሰሶው ያለው ከጎረቤታችን ከእትዬ ውባለም ግቢ ወዲያ ነው፣ መምህር። ሽቦው በእሳቸው ግቢ ላይ ነው የሚያልፈው።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። አምና ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ጋሼ ሙሄ ማሾአቸውን ለማዳን ቦዩን ወደ ጎረቤት አዞሩት፤ ውኃው እትዬ ውባለም ማድ ቤት ገብቶ ዱቄታቸውን አበላሸ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም።

«ገመድ አልባው ማንንም አያስለምነኝም» አሉ ጋሼ ሙሄ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

እትዬ ውባለም ዋናው መንገድ ላይ ባለ ሆቴል የምሳ ኃላፊ ናቸው። ጋሼ ሙሄን ሻይ ልጋብዝዎ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ፤ ወዴት እንደምወስዳቸው አልነገርኳቸውም። ተንኮል ነው ካላችሁ ተንኮል ነው።

ከአዲስ አበባና ከደሴ የመጡ አውቶቡሶች ለምሳ ቆመው የሆቴሎቹን ፊት ሞልተውታል። እትዬ ውባለም ትሪ ይዘው ሲያልፉ አዩን፤ ጋሼ ሙሄን ሲያዩ ፊታቸው ጠበቅ አለ።

«እትዬ ውባለም፣ እዚህ ኔትወርክ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«በዚህ ሰዓት? ምን ኔትወርክ አለ! ሥጋ ሲያልቅብኝ ሥጋ ቤት ብደውል አይገባም፤ በእግሬ ነው የምሮጠው። አውቶቡሶቹ ሲሄዱ ይለቀቃል። አያዩትም ሰዉን?»

ጋሼ ሙሄ ዞር ብለው አዩ። የጎረሰውም፣ ምግብ የሚጠብቀውም፣ አውቶቡስ በር ላይ የቆመውም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ቦዩን የከፈቱት እነዚህ ናቸዋ» አሉ።

«ታዲያስ፤ ቧንቧው ጣሪያዎን ይበሳል እንጂ አውቶቡሶቹን አይመልስም» አልኩ። ለማስተማር የተመቸ ቦታ አግኝቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ገመድ አልባውን አልነቅፍም። እርሻ ለሚውል፣ መንገድ ለሚሄድ፣ ቤት ለሚቀያይር ሰው እሱ ይሻላል። አንድ ቦታ ተቀምጦ በቅጽበት ለሚጫወት ግን ሽቦ ነው፤ ከሞደሙ እስከ ኮምፒውተሩም በሽቦ። ነጎድጓድ ሲኖር መንቀል ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ ይህን አልደብቅዎትም።»

ጋሼ ሙሄ እኔን መስማት ካቆሙ ቆይተዋል። ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ውባለም» አሉ። «ያን ክረምት ማሾዬን እንጂ ያንቺን ቤት አላሰብኩም። በድዬሻለሁ። ለልጁ የስልክ ሽቦ በግቢሽ ላይ እንዲያልፍ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ባትፈቅጂም አልቀየምሽም።»

እትዬ ውባለም ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ጋሼ ሙሄ፣ ዱቄቱን እኮ በሳምንቱ ረስቼዋለሁ። ቤቴ ጎርፍ ገብቶ ውኃውን ስቀዳ፣ ‹እንዴት ሆንሽ› ሳይሉኝ በደጄ አልፈው ሄዱ። ያ ነው ያንገበገበኝ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሽቦው ይለፍ። ውኃው ግን አይለፍ፤ ክረምት ሳይገባ ቦዩን ይመልሱልኝ።»

«ነገ ከጁምዓ በኋላ፣ ኢንሻአላህ። በራሴ እጅ!»

በራሳቸው እጅ ቆፈሩ፤ አይቻለሁ። ሽቦው በሳምንቱ ገባ።

ውድድሩ በሚጀምርበት ቅዳሜ እኔም ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ የአውቶቡሶቹ ጥሩምባ ከመንገዱ ይሰማ ነበር። ቁጥሩ ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ብዙ አልራቀም። ጋሼ ሙሄ ጨዋታው ስለማይገባቸው ቁጥሩን ብቻ ይጠብቁ ነበር፤ ከፍ ባለ ቁጥር «ያ አላህ» ይላሉ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሳሊም ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና ፊቱ በርቶ ዞረ።

«ተሸነፍን!»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?» አሉ አባትየው ደንግጠው።

«እስከ መጨረሻው ነበርኩ፣ አባ። የተሸነፍነው ስለበለጡን ነው። ናሆም ‹የሳምንት ቅዳሜ በሰዓትህ ተገኝ› አለኝ። ምሳ አለ?»

ጋሼ ሙሄ ተነሡ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደው፣ ከሥራ ገብተው እግራቸውን ይታጠቡ የነበሩትን ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

«ውባለም! ልጁ ተሸነፈ! አልተቋረጠም፣ ተሸነፈ!»

«ተመስገን!» አሉ እትዬ ውባለም ከወዲያ። «እንኳን ደስ ያላችሁ!»