ከቤት የተገኘው ማህተም

ዓባያ ሐይቅ ስገባ አዞ ይዋጠኝ፣ እውነቴን ነው፤ እናንተ ግን አታምኑኝም። ንፋስ የመሬት ቢሮውን ጣሪያ ገንጥሎ ሐይቁ ውስጥ ጣለውና ሠራተኞቹ ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተባለ። የኔ የይዞታ ወረቀት ደግሞ ማህተም ሳያርፍበት ጎረቤቴ በሙዝ ተከላ ድንበሬን እየገፋ አልጋዬ ሥር ሊደርስ ነው። ስለዚህ ምዕራብ ዓባያ፣ የቢሮው ኃላፊ ቤት ድረስ ሄድኩ። ቢሮ ሳለ ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ነገ ተመለስ!›› እያለ ሃያ ጊዜ ያባረረኝ ሰው፣ ያን ቀን ሙዝ ሥር በኮትና በከረባት ተቀምጦ ሲያየኝ ሊስመኝ ምንም አልቀረው።

‹‹ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ! ምን ያስቸኩልዎታል?›› አለኝ። ወረቀቴን ከላይ ወደ ታች አነበበው፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበበው። ‹‹ኧረ ማህተሙን ይምቱልኝና ልሂድ›› ስለው ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ፤ ‹‹እባክዎ ትንሽ ይቆዩልኝ። እርስዎ ከሄዱ ሚስቴ መቆፈሪያ ታስይዘኛለች። ከቤት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ወገቤ አለቀ!›› እንግዲህ የሱ ወገብ እንዲያርፍ የኔ መሬት ይለቅ!

ይህን ስንባባል ሚስቱ መቆፈሪያውን ይዛ ከተፍ አለች።

‹‹አልጨረሳችሁም?››

‹‹ጉዳዩ ውስብስብ ነው›› አላት።

‹‹ወንድሜ፣ ምን ቀርቶህ ነው?›› አለችኝ።

‹‹ማህተም ብቻ›› አልኳት።

ማህተሙን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወረቀቴ ላይ ዷ አደረገችና ባሏ ላይ አፈጠጠች። ‹‹ይኸው ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ‹ሥራ ገደለኝ› እያልክ እግርህን የምታሳጥበኝ ለዚህች ነው?››