ወንበሯን የለቀቀችው ልጄና የገብርኤል ጥላ

በእኛ ጊዜ እኮ ሥራ ማለት ወንበር ነበር፤ ወንበር ያገኘ ሰው አርፎ ይቀመጥበታል፣ ጡረታ እስኪወጣ ማንም አይነቀንቀውም። እኔ ወንበር አላገኘሁም፣ ትምህርቴም እዚያ አላደረሰኝ፣ እዚሁ ሮቤ ጋሪ ስነዳ ነው የኖርኩት። ታዲያ ልጄ ዘነበች ጎባ ከተማ መሥሪያ ቤት ገብታ መዝገብ ቤት ስትቀጠር ተንበርክኬ ነው ያመሰገንኩት፣ ስሙኝ፣ ተንበርክኬ! ጠዋት ሚኒባስ ይዛ ትሄዳለች፣ ማታ ጫማዋ ሳይቆሽሽ ትመለሳለች፣ ከዚህ በላይ ምን አለ?

እና ቆይቶ ኮምፒውተር ገባ። ፋይሉ ሁሉ ወደዚያ ይገለበጣል ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ ድልድል ሊመጣ ነው ተባለ፣ ማን እንደሚቀር፣ ማን የትኛው ወረዳ እንደሚወረወር አይታወቅም፣ ሠራተኛው ሁሉ በየኮሪደሩ መንሾካሾክ ሆነ። እኔ 'ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ያልፋል' እላታለሁ። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት መውጣት ጀመረች። አወጣጧን አልወደድኩትም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ነጠላዋን ከወንበር ላይ ሳነሳ ናፍጣ ሸተተኝ። እኔ የፈረስ ሰው ነኝ፣ አፍንጫዬ ናፍጣ አያሳልፍም፣ ባጃጅ እንጀራዬን ከወሰደው ወዲህ ደግሞ የባሰ! ጥፍሯን አየሁት፣ ጥቁር። የመዝገብ ቤት አቧራ እንዲህ አያጠቁርም። በሌላውም ቅዳሜ ያው ናፍጣ፣ በሌላውም ያው።

'ዘነበች፣ የት ነው የምትውዪው?'

'ሥልጠና ነው አባዬ።'

'የምን ሥልጠና?'

'ኮምባይነር መንዳት። መንጃ ፈቃዱንም ላወጣ ነው።'

ኮምባይነር! ያ ስንዴ የሚያጭደው፣ ቤት የሚያክለው! ልቤ ወዲያው ወደ ደላላ ሄደ። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ዐረብ አገር ልትወሰድ ስትል መጀመሪያ የሚነገራት ምንድን ነው? 'ሥልጠና' ነው!

'ማነው የሚያሠለጥንሽ?'

'ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ የኮምባይነሩ ባለቤት።'

'ሚስት አለው? ስንት ዓመቱ ነው? ለምን በነጻ ያስተምርሻል?'

'በነጻ አይደለም፣ ማሽኑን አጥባለሁ፣ ግራሶ እቀባለሁ።'

'ወንበርሽስ?'

'እነሱ የፈለጉበት እስኪመድቡኝ አልጠብቅም አባዬ፣ ራሴን ልመድብ። እርስዎ ባጃጁ ሰልችቶት ይሄዳል ብለው ፈረሱን ይዘው ስንት ክረምት ቆሙ?'

እናቷ ጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ታዲያ እኔ ሰው አላማከርኩም። በሐምሌው ገብርኤል ሄድኩና መቅደሱ ፊት ቆሜ፣ 'ልጄን ወንበሯ ላይ ብታቆይልኝ፣ ያን ሰውዬም ከአጠገቧ ብታርቅልኝ፣ ለታኅሣሥ በዓልህ ጥላ አስገባለሁ' ብዬ ተሳልኩ። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ኃይሉ ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸውም ጢማቸውን ይዘው ሳቅ አሉና፣ 'እሱ የሚበጀውን ያድርግ' አሉኝ። ምን ያስቃል? ካህንንም ጠረጠርኩ፣ ይቅር ይበለኝ!

እና ታኅሣሥ ገብቶ ቦና የምንለው የመኸሩ ስንዴ ሲደርቅ ልጄ ወንበሯን ለቀቀች። ለቀቀች እላችኋለሁ! እኔ ደግሞ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ጋሰራ በሚወስደው መንገድ፣ ኦቦ ገመቹ ያጭዳል ወደተባለበት ማሳ ሄድኩ። የእኛን አገር ገበሬ ታውቁታላችሁ፣ ኮምባይነር አያምንም፤ ስንዴውን ሲያሳጭድ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፣ ማሽኑ የተፋውን ገለባ እፍኝ ያነሳል፣ በመዳፉ ያሻል፣ እፍ ይላል፣ ፍሬ ካገኘ 'ስንዴዬን ደፋኸው!' ብሎ ይጮኻል። እና እኔም እንደ ባለ ማሳ ከኋላ ገባሁ። አነሳሁ፣ አሸሁ፣ እፍ። ምንም። ጥቂት ሄድኩና አነሳሁ፣ እፍ። ምንም! አንድ ፍሬ ባገኝ እኮ፣ 'ይኸው አልቻልሽም፣ ነይ ወደ ቤት' ልላት ነበር። ገለባው ባዶ።

ታዲያ ማሽኑ ቆመ። ፊቱን በሻሽ የሸፈነ ሹፌር ወረደና፣

'አባባ፣ ፍሬ ጣልኩ እንዴ?'

የልጄን ድምፅ ስሰማ ጋቢዬን ሳብኩ፣ ግን ዘግይቻለሁ።

'አባዬ! ምን ይሠራሉ እዚህ?'

'እኔማ... ለፈረሱ ገለባ ፈልጌ ነው።'

'ፈረሱ ከሞተ ቆየ እኮ አባዬ!'

ይኸኔ ኦቦ ገመቹ መጡ። እኔ በልቤ የሳልኩት ወፍራም ጎረምሳ ነበር፣ ለካ ከእኔ የሚበልጡ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። 'አካም ጅርቱ' አሉኝ፣ ሰላምታ ነው እንጂ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ይፈትሸኛል፣ 'ባለ ማሳው ያውና እዚያ ቆሟል፤ እርስዎስ ማን ነዎት?'

'አባቷ ነኝ።'

'እንኳን መጡ! እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር፣ የቢሮ ልጅ ናፍጣ ውስጥ ምን ትፈልጋለች፣ ማን ልኮብኝ ነው እል ነበር። ሹፌሮቼ የተሻለ የከፈለ ሲጠራቸው አጨዳ መሃል ጥለውኝ ይሄዳሉ። እሷ ግን የማሽኑ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሳይበጠስ ድምፁን ሰምታ ታቆማለች።'

አመንኩ? አላመንኩም! የአንድ ቀን ደህና መንዳት ምንድን ነው? ነገ ማሽኑ ቢሸጥስ? ሽማግሌው ቢሞቱስ? መንገዱን ሁሉ ገብርኤልን ስወቅሰው ተመለስኩ፣ 'ጥላ አነሰህ? በግልጽ ንገረኛ!' እያልኩ።

ከዚያ በዓሉ ደረሰ፣ ታቦቱ ወጣ፣ ሰባኪው በድምፅ ማጉያ የደረሰ ስለት ይናገራል፣ 'እገሌ ከሕመሙ ድኖ...' እልል! 'እገሊት ልጅ አግኝታ...' እልል! እና ቀጠለ፣ 'እኅታችን ወለተ ሥላሴ'፤ የልጄ የክርስትና ስም ነው፣ ጆሮዬ ቆመ፤ 'ከወንበሬ አንስተህ የራሴን ሥራ ብታስይዘኝ፣ አባቴንም ብታሳምንልኝ ብላ ተስላ፣ ግማሹ ደርሶላት ጥላ አስገብታለች!' አለ። ግማሹ! ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እልልታውም ቀለጠ። እናቷ ከሁሉ በላይ። ዘነበች ያን የወርቅ ዘርፍ ያለውን ጥላ ይዛ ቆማለች፣ እኔን አታየኝም።

መምሬ ኃይሉን አጥር ሥር ያዝኳቸው። 'ያውቁ ነበር!'

'አንድ ቤት እያደራችሁ ለአንድ ታቦት ሁለት የሚጣላ ስለት ስታመጡ እኔ ምን ላድርግ? እሷ ቀድማሃለች' አሉኝ።

ታዲያ ይኸውላችሁ ልጆቼ፣ አሁንም መጠርጠሬን አልተውኩም። አጨዳ ሲመጣ አብሬያት ማሳ እወርዳለሁ፣ ከኋላ እየሄድኩ አነሳለሁ፣ አሻለሁ፣ እፍ እላለሁ። ገበሬዎቹም ለመዱኝ፣ 'ገለባ የሚፈትሹ አዛውንት አሏት' ብለው እሷን ያስቀድማሉ፤ ኦቦ ገመቹም ለእኔ ብለው ቀለብ ቆረጡ። ጋሪዬ ከቆመ ወዲህ ሥራ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

(ከአድማጮቹ አንዷ) 'እና አባባ፣ ቀሪውን ግማሽ መቼ ነው የሚያሟሉላት?'

የቱን ግማሽ?

'የማመኑን ነዋ!'

ኧረ ተይኝ ልጄ! ካመንኩማ ከሥራዬ ልባረር ነው እኮ! (ይስቃሉ)