የጽጌ ስም ያለበት ደብዳቤ

ከአራት ኪሎ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ጠና ያሉ ሴት፣ ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። ከወሬያቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች እንደሆኑ ገባኝ።

«ፕሮግራሙ የድሮ ፋይሎቹን ራሱ እየከፈተ ማን እንደጻፋቸውና መቼ እንደተጻፉ ይመዘግባል» አለ ልጁ። «ግን የተሳሳተ መሰለኝ፣ እትዬ ብርቄ።»

«ምን አለ?»

«ደብዳቤውን ሁሉ የጻፈችው ጽጌ ናት ይላል። ማን ናት?»

«ታይፒስታችን ነበረች። ኮምፒውተር የገባ ጊዜ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እኛ የሷን እየከፈትን ስምና ቀን ብቻ ነው የምንቀይረው።»

«ለካ ፋይሉን መጀመሪያ የሠራችው እሷ ስለሆነች ስሟ ውስጡ እየቀረ ነው።»

«እስካሁን አለ?»

«ሁሉም ላይ አለ። የተሰናበተችበት ደብዳቤ ላይ ሳይቀር።»



«በግምገማ ነው ያስወጧት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ታዘው ነዋ።»

«ታዝዤ ነው። የሷኑ ደብዳቤ ከፍቼ ስሟን አስገባሁበት።»

«አለቃዬ ስሟን ከሁሉም ላይ አጥፋው ብሎኛል።»

«ተው፣ ሌላው ላይ ይቆይላት። የተሰናበተችበት ላይ ግን የኔን ስም አግባበት።»

«ፕሮግራሙ አንድ በአንድ አይቀይርም እኮ።»

«እንግዲያው በእጅህ ቀይረው። ወራጅ አለ፣ የካ ሚካኤል ጋ።»

እሳቸው ወርደው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል፣ ስም ብቻ ቀይሮ የሰው ቦታ መውሰድ መስሎኝ ወደ ቦታቸው መጠጋት አቃተኝ።