ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ባህር ዛፍ

ስልኩ ሲጮህ ሚልኪያስ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አምቦ ባለችው ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ ከእሱና ከጸሐፊዋ ከወሰንየለሽ በቀር ማንም የለም። ስልኩ ሦስት ጊዜ ከጮኸ በኋላ እጁን ሰዶ አነሳው።

— ሄሎ... አቤት፣ ዲዛይን ቢሮ ነው... ሄሎ? ማን ልበል?... እንዴ! ኦቦ ቀንዓ! አካም ቡልተን?... ፈያ፣ ፈያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን... ከጎጆ ከተማ ነው የሚደውሉት? ይቆራረጣል... ድንጋዩ ላይ ይውጡ፣ ያቺ ኔትወርክ ያለባት ድንጋይ ላይ... አዎ፣ አሁን ደህና ይሰማል።

— ኧረ አልመጣሁም። ቢሮ ነኝ... አውቃለሁ፣ የጸሎት ቤቱ ምረቃ ዛሬ መሆኑን አውቃለሁ... ስንት በግ?... ሦስት! በሉ የእኔን ድርሻ ለመጋቢው ስጡልኝ፣ እሳቸው ያውቁበታል... አይ፣ ኮርቼ አይደለም። ወደ ጎጆ የሚወጣ መኪና አጣሁ፤ መንገዱም ጭቃ ነው አሉ።

ኦቦ ቀንዓ በጎጆ ዳር የተሠራው አዲሱ ጸሎት ቤት ፎርማን ናቸው። የቤቱን ስዕል የሠራው ሚልኪያስ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን የሽማግሌው ቀልድ ደስ ያሰኘው ነበር። ዛሬ ግን የስልኩን ገመድ በጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ እየፈታ፣ ወሬው የሚቆምበትን ጊዜ ይጠብቅ ነበር።

— ኦቦ ቀንዓ፣ እንኳን ደወሉ። እኔም ልደውልልዎ ነበር... አይ፣ የማስረከቢያው ወረቀት ደርሷል። ላትመው ብዬ ፋይሉን ስከፍት ነው... አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቋሚዎቹ ስንት ናቸው?... አርባ መሆናቸውንማ አውቃለሁ፤ አርባ አባወራ፣ አርባ ቋሚ። ቆጥረዋቸዋል ወይ ነው የምለው... ኧረ አልጠጣሁም! እኔ መቼ ጠጥቼ አውቃለሁ?

— አዎ፣ ያው ማሽን ነው። ብርጭቆ እያወቀ ባህር ዛፍ የማያውቀው... ይሳቁ፣ ግድ የለም፣ ይሳቁብኝ።

ሚልኪያስ ቤት የሚስልበትና ጥንካሬውን የሚያሰላበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲገዛ የቁሳቁስ ዝርዝሩን ይዞ ነው የመጣው። ብረት አለበት፤ ኮንክሪት፣ አሉሚኒየም፣ ብርጭቆ፣ ስማቸው ለአፍ የሚከብድ የፈረንጅ አገር እንጨቶችም አሉበት። ባህር ዛፍ የለበትም። ጎጆ ላይ ደግሞ ቤት የሚቆመው በባህር ዛፍ ነው። ሚልኪያስ በጥር ወር ወደዚያ ወጣ። እያንዳንዱ አባወራ ያዋጣውን ቋሚ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ መሐሉ ላይ የገብስ ጆንያ እያንጠለጠለ፣ ምን ያህል እንደጎበጠ ለካ። ከዚያ ቁጥሩን በአባወራው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ጻፈው። ባለቤቶቹም በየቋሚያቸው ላይ ስማቸውን በቢላ ቀረጹ። የጣሪያው ወራጅ እንጨቶች ሁሉ የሚያርፉበት የመካከሉ ምሰሶ የኦቦ ቀንዓ ነበር።

— አርባ ስም ነው የጻፍኩት። አሁን አርባ አንድ ሆኖ አገኘሁት... አልተደገመም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት... ስሙማ... ኦቦ ቀንዓ፣ «ድንቅቱ» ነው የሚለው።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ይሰሙኛል?... እዚያው ነዎት?

— ወሰንየለሽ፣ አንቺ ይሄን ኮምፒውተር ነክተሽዋል?... አይ፣ እንዲያው ነው። ሥራሽን ሥሪ... አልነካችም፣ ኦቦ ቀንዓ። ትናንት ቢሮውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው ያደረው።

— አጥፍቼው ነበር። እንደገባሁ አጠፋሁት። ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ አለ። ደግሜ አጠፋሁት... አዎ። እንደገና ተመለሰ... እንዴት «የትኛዋ ድንቅቱ» ይሉኛል? እርስዎ ጎረቤት ነዎት። አዴ ድንቅቱ ናቸዋ፤ ብቻቸውን የሚኖሩት... በሚያዝያ እንደሞቱ ሰምቻለሁ። ለቅሶም ሳልደርስ ቀረሁ።

ሚልኪያስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወሰንየለሽ የምትጽፈውን አቁማ ታየዋለች።

— አንድ ነገር ልንገርዎት? ጥር ላይ ጆንያውን ስሰቅል አዴ ድንቅቱ እጅጌዬን ይዘውኝ ነበር... እርስዎም አጠገቤ ነበሩ፣ ያስታውሱ። «የእኔንም ጻፍ» አሉኝ። ጓሯቸው ውስጥ አንድ ባህር ዛፍ አለቻቸው። ኮሚቴው ደግሞ ብቻውን የሚኖር ሰው እንደ አባወራ አይቆጠርም ብሎ ዘለላቸው... አዎ፣ ኮሚቴው እናንተ ናችሁ፤ እኔ ግን በሰው ፊት መከራከር አልችልበትም። «ዝርዝሩ ሞልቷል እማማ» አልኳቸው። ውሸት ነበር፣ ኦቦ ቀንዓ። ያ ዝርዝር አይሞላም። ሺህ ስም ቢጻፍበት ይቀበላል... አልተቆጡም። «ግድ የለም ልጄ፣ ቦታ ሲገኝ ትጽፈኛለህ» አሉና ሄዱ።

— አይ፣ ላስፈራራዎት አይደለም። እኔም ፈርቻለሁ... ስሙ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር የለም። ባዶ ነው... ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ «ምን ላድርግ» ብሎ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ከቁሳቁስ ዝርዝሩ ራስ ላይ ያለውን ይወስዳል። ራሱ ላይ ያለው ብረት ነው... ብረት! ብረት ነው ብሎ ያሰላዋል። ለዚህ ነው የማስረከቢያው ወረቀት «ቤቱ ደህና ነው» የሚለው።

— የትኛው ቋሚ መሰለዎት?... የመካከሉ። ስዕሉ ላይ ስነካው «ቀንዓ» ማለት ነበረበት። «ድንቅቱ» ይለኛል።

ከወዲያ ነፋስ ብቻ ይሰማል። ከነፋሱ ኋላ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይዘምራል።

— ይሄ መዝሙር... ሰው ገብቷል እንዴ?... ስንት ይሆናል?... ሦስት መቶ?

— ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ቀንዓ። ስሙን ማን ጻፈው አልልዎትም፤ እሱን እግዚአብሔር ይወቀው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያ ምሰሶ የማን ነው?

— ... እሺ...

— ተሰነጠቀ?... መቼ?... ስታቆሙት። ከላይ እስከ ታች?... ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?... ገባኝ። ገባኝ... «የሰው ሁሉ ቆሞ የፎርማኑ ተሰነጠቀ» እንዳይባል... እና ሌላውን ከየት አመጡት?

ሚልኪያስ ዓይኑን ጨፈነ።

— ከጓሯቸው... በተቀበሩ በሳምንቱ... ወራሽ ባይኖራቸውስ፣ ኦቦ ቀንዓ?... እና በዚያው ቀን አቆማችሁት? ከነውሃው? የሌላው ሰው እንጨት ከኅዳር ጀምሮ ሲደርቅ ነው የከረመው'ኮ!... ሳይለካ... ስምስ? ምን ስም ቀረጹበት?

— ... የራስዎን።

— አልተቆጣሁም። እኔ ምን አፍ አለኝ? «ሞልቷል» ያልኳቸው እኔ ነኝ... እያለቀሱ ነው እንዴ? አይዞዎት። ቆይ፣ ስልኩን አይዝጉት። አንድ ነገር ልሞክር። ባዶው ላይ ቁጥር ላስገባ። ከአርባው በጣም የደከመው የሌንጮ ነው አይደል?... አዎ፣ ያ ጠማማው። የእሱን ቁጥር ልስጠው።

ቁጥሩን ጻፈ። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ስዕሉ ላይ ምሰሶው ቀላ፤ ቀይ ሸክሙን አይችልም ማለት ነው። ከምሰሶው ጀምሮ ወራጆቹ አንድ በአንድ፣ ውሃ በጨርቅ ላይ እንደሚሄደው፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ቀሉ። ወሰንየለሽ ከኋላው መጥታ ቆማ ነበር። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

— ኦቦ ቀንዓ፣ ሰውን ያውጡ... አሁን!... ጸሎቱ እስኪያልቅ አይደለም፣ አሁኑኑ!... እውነቱን ይንገሯቸዋ!... እሺ፣ እሺ፣ እውነቱ በኋላ ይነገራል። ያፈሩበት ነገር ሰው አይግደል። የፈለጉትን ብለው ያውጡልኝ... ምን?... ንብ?... ንብ ገብቷል ይበሉ! ጥሩ ነው! ንብ!... ስልኩን አይዝጉት፣ እንደያዙት ይሂዱ!

— ወሰንየለሽ፣ ተቀመጪ... ኦቦ ቀንዓ እየሮጡ ነው። ሰዎቹ ጋ ሊሄዱ ነው።

— ሄሎ? ሰማኋቸው፣ ሲጮሁ ሰማኋቸው... ወጡ?... ሕጻናቱ ቀድመው ወጡ? ጎሽ!... መጋቢው በመስኮት? (ሳይፈልግ ሳቀ) ተዉአቸው፣ ይዝለሉ... ኦርጋኑን ማን ነው የሚጎትተው? ይተወው በሉት! ኦርጋን ይገዛል!... አሮጊቶቹስ?... ቆጠራችሁ?... ሁሉም?... አንድም አልቀረም?... ተመስገን። ገለቶማ፣ ኦቦ ቀንዓ፣ ገለቶማ። ነፍስ አዳኑ።

ሚልኪያስ ወንበሩን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

— አሁን በሩን ይዝጉና ማንም አይግባ። ሰኞ እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ በእግሬም ቢሆን። ድጋፍ እናቆምና ምሰሶውን እንለውጣለን... ስለ ሌላው አይጨነቁ። ኮሚቴውን ሰብስበን አብረን እንነግራቸዋለን። እኔም የራሴን እናገራለሁ... ኦቦ ቀንዓ?

— ምንድነው የሚፋቀው?... ክርር፣ ክርር የሚል ነገር ይሰማኛል... የት ነዎት?

— ለምን ተመለሱ?! ሰው አስወጥተው ራስዎ ይገባሉ?... ከምሰሶው ላይ ስምዎን ሊፍቁ?... ይተዉት! ቢያዩት ምን ይሆናል?... የቀረችው አንድ ፊደል ብትሆንም ይተዉአት! ቢላዋን ይጣሉና ይውጡ!

— ቆይ... ኦቦ ቀንዓ፣ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም አላሉኝም ነበር? ሁልጊዜ ድንጋዩ ላይ ወጥተው አይደል የሚደውሉት?... አሁን'ኮ ከጎኔ እንዳሉ ነው የሚሰማኝ። ትንፋሽዎ ሁሉ ይሰማኛል።

— አጠገብዎ ማን አለ?... አንድም ሰው አልቀረም ብለውኛል!... ታዲያ ሴትዮዋ ማናት?... እንዴት አይሰማዎትም? እኔ እዚህ አምቦ ሆኜ እየሰማኋት... ቀስ ብላ ነው የምታወራው... «ግድ የለም» ትላለች። «ግድ የለም፣ ግድ የለም»...

— ወደ ላይ አይዩ! ይውጡ! ኦቦ ቀንዓ፣ ይውጡ!... ሄሎ?... ሄሎ!... ኦቦ ቀንዓ!

ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚጮኸው ዓይነት ድምፅ አልነበረም። እርጥብ ነገር ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚሰማ ነበር። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠና ስልኩ ጢጥ፣ ጢጥ ይል ጀመር።

ሚልኪያስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ። ወሰንየለሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቃ ስልኩን ወሰደችና በቦታው መለሰችው። ሁለቱም ኮምፒውተሩን አዩ። ሚልኪያስ የተከፈተውን የስም ዝርዝር በጣቱ እየነካ፣ እንደ ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከላይ እስከ ታች ቆጠረው።

አርባ ነው።

እንደገና ቆጠረው። አርባ። ከስሞቹ በአራተኛው መስመር ላይ፣ በጥር ወር በገዛ እጁ «ቀንዓ» ብሎ በጻፈበት ቦታ፣ «ድንቅቱ» ይላል። የቀንዓ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም።