ልብስ ሰፊው ቤት የተከፈተው ትምህርት ቤት

ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ካዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል። ለተማሪዎቼ የመልመጃ ወረቀት ላድል የሕንፃችንን ደረጃ ስወጣ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ክር ገዝተው ሲመለሱ አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ ናት። እናቷ ነርስ ስለሆነች፣ በሽታውን ቤት ይዤ እንዳልመጣ ብላ ሆስፒታል ማደር ከጀመረች ሃያ ቀን አልፏታል።

"ልጅቷ እንዴት ናት ጋሼ?" አልኳቸው ራቅ ብዬ ቆሜ።

"ተመስገን ነው! ጨዋ ሆናልኛለች። ድምጿ እንኳ አይሰማም።"

"እንዴት አይሰማም?"

"አትናገርማ። መናገር ከተወች ሰነበተች።"

ደሜ ፈላ። የሰባት ዓመት ልጅ አፏ ሲዘጋ እኚህ ሰው እንደ ምሥራች ይነግሩኛል! ያውም ወሬ አላቆም ብላ አራት ጊዜ መቀመጫ የቀየርኩባትን ልጅ።

ተከትያቸው በሩ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጋሼ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መቱ፤ ልጅቷ ቀና ሳትል ደብተር ቀየረች።

"ደወል ነው" አሉኝ ኮራ ብለው። "ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት።"

"ስምንት ሰዓት! እኛ ራሳችን ይህን ያህል አናስቀምጣትም እኮ። መቼ ትጫወት?"

"ምን ጨዋታ አለ? እናቷ አደራ ብላኛለች። ተመልሳ ልጄን አሰነፍክብኝ እንድትለኝ ነው?"

"ለመሆኑ ከእናቷ ጋር ትነጋገራለች?"

"እናቷ ስትደውል ውጭ ወጥቼ ነው የማናግራት፤ ልጅቷ ሰምታ እንዳታለቅስ። አንድ ቀን 'እማዬ ሞታለች እንዴ?' አለችኝ። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ተቆጣኋት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ የኔ ልጅ።"

"መቼ ነው ይሄ?"

ቀኖቹን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። "ለመጨረሻ ጊዜ ካፏ ቃል የወጣው... ያን ዕለት ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"ይኸውልዎ! ዝም በይ አሏት፣ እሺ አለች። መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ራሱ ይፈጥራል። እናቷን በልቧ ቀብራታለች እኮ ጋሼ!"

ይሄኔ እሳቸውም ገነፈሉ። መሳቢያውን ስበው የትምህርት ቤታችን ማኅተም ያረፈበትን የወረቀት ክምር ፊቴ ዘረገፉት።

"ይሄን ሁሉ የላከው ማነው? 'በሳምንት ተሠርቶ ይመለስ' ያለው ማነው? እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሲጠፋኝ ማንን ልጠይቅ? አንድ ሰው 'እርስዎስ እንዴት ነዎት?' ብሎኛል?"

በብብቴ ሌላ አርባ ገጽ ይዤ ነበር። ሌላውን ልመክር የቆምኩት ሴትዮ፣ የልጅቷን ሸክም ተሸክሜ የማመላልሰው እኔው ነኝ። አፈርኩ።

"ጥፋቱ የኔም ነው" አልኳቸው። "ይህን ይተዉት። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃታል። በተረፈው ትጫወት፣ ቁራጭ ጨርቅ ይስጧትና ትቀጣጥል። እርስዎም ይረፉ፤ ሲጨንቅዎ ይደውሉልኝ። ለእናቷ ግን አሁኑኑ ይደወል።"

"ብታለቅስስ?"

"ታልቅስ! ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው።"

ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ለልጅቷ ሰጧት። እናትየው "የኔ ቆንጆ!" አለች። ልጅቷ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። "እማዬ ነኝ፣ አትሰሚኝም?"

"አለሽ እንዴ?" አለች ልጅቷ። ድምጿ ሻክሯል። ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች። ጋሼም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በየቀኑ ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ ወሬዋም ተመልሷል፤ በአንድ ሰዓት ተኩል የምትማረው ከስምንቱ ሰዓት ይበልጣል። እኔም ወረቀቱን በግማሽ ቀንሼ በየሳምንቱ ወላጆችን እየደወልኩ እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ስለራሳቸው፣ ከዚያ ስለ ልጆቻቸው። ትናንት ጋሼ ስልኩን ሲያነሱ ከኋላቸው ጩኸቱ ቀለጠ።

"ጆሮዬን አደነቆረችው እኮ!" አሉኝ ተማረው። "ምን ባደርግ ይሻላል?"

"ምንም" አልኳቸው። "ይስሟት።"