ግራሩ ሥር ያለው ጠረጴዛ

ከመካኒሳ አቦ ወደ ለቡ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ያሉትን ነጠላ የለበሱ እናት ጠየቃቸው።

«እማማ፣ የለቡ ሰው ነዎት?»

«እዚያው ተወልጄ እዚያው አረጀሁ።»

«ነገ እጮኛዬን ምሳ ልጋብዛት ነበር። ጥሩ ምግብ ቤት ያውቃሉ?»

«ከመብራት ኃይል አለፍ ብሎ አዲስ ተከፍቷል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ትልቅ ግራር አለው።»

«በልተውበታል?»

«የት ገብቼ! ጥበቃው ከበር መለሰኝ።»

«ለምን?»

«ለማኝ መሰልኩታ።»

«ሻይ ልጠጣ ነው የመጣሁት አይሉትም?»

«አልኩት። ‹ለሻይ ከሆነ ማዶ ሻይ ቤት አለልዎት› አለኝ።»

«ታዲያ ማዶ አይሻልዎትም ነበር?»

«ግራሩ ሥር ትንሽ መቀመጥ ፈልጌ ነው። የባለቤቴ ሙት ዓመት ነበር። ቦታው እርሻችን ነበር፣ ልጄ። ሲያርስ አርፍዶ ምሳውን የማቀርብለት እዚያ ጥላ ሥር ነበር። መሬቱ ከተወሰደ በኋላ እሱም ብዙ አልቆየልኝ።»

«ይህን ለጥበቃው ነገሩት?»

«ነገርኩት እንጂ። ‹እንግዶች እየመጡ ነው፣ በሩን ይልቀቁልኝ› አለኝ። እሱም እንጀራው ነው፤ ምን ያድርግ።»

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ሲነካካ ቆየና ቀና አለ።

«እማማ፣ ግራሩ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለመያዝ ቀድሞ መደወል ያስፈልግ ይሆን?»

«እኔ በምን አውቄ፣ ልጄ።»

መውረጃዬን ስናልፈው በመስኮት እያየሁ፣ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።